የግራ እግር ክር

የካቲት 3

ለአክስቴ፣ ለእትዬ፣

ጤናዎን እንደምን ሰነበቱ? የአውቶቡሱ ሹፌር ያቀበለኝ ወቀሳ ደርሶኛል። «ጭራሮ በሕይወት አለች ወይ?» ብለው ጠይቀዋል አሉ። አለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍራል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልዎት ሥራ ላይ አይደለሁም። ትንሽ እረፍት ወስጃለሁ።

ያልደወልኩት የቤቱን ስልክ የምታነሳው እናቴ ስለሆነች ነው። ድምፄን ስትሰማ «አክስትሽን ልጥራልሽ» ትልና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። የላቦራቶሪውን ወንበር ትቼ ሞተር ላይ ከወጣሁ ወዲህ ከዚህ ሌላ ቃል አልሰጠችኝም። ይኸው አስር ወር ሞላ። እኔም አልፈርድባትም፤ ሠላሳ ዓመት በአጥንት ክፍል ነርስነት ከሞተር የወደቀውን ሁሉ ስትቀበል ኖራለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ቤት ሳይሆን ሱቅዎ አስልኬዋለሁ።

የምለምንዎት ሱሪ ነው። የቆዳ ሱሪ፣ ለሞተር፣ ለሴት። የዚህን ከተማ ሱቆች አንድ በአንድ አዳርሻለሁ፣ ያለው ሁሉ የወንድ ነው። ወገቡ ልክ ሲሆን ዳሌዬ ላይ እምቢ ይላል፤ ዳሌዬን ሲያልፍ ወገቡ ውስጥ ሌላ ሰው ይጨመርበታል። የጉልበቱ መከላከያ ወርዶ ቅልጥሜ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ባለሱቅ «የሴት አለኝ» ብሎ ያወጣልኝ እንደ ጓንት የሳሳ፣ ኪሱ ላይ አበባ የተጠለፈበት ነው። «ብወድቅ ምን ያደርግልኛል?» ስለው፣ «እህቴ፣ ይሄ ለመውደቅ ሳይሆን ለፎቶ ነው» አለኝ። ቢያንስ አልዋሸኝም።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ከየክሊኒኩ የደም ናሙና ሰብስቤ በበረዶ ሳጥን ወደ ዋናው ላቦራቶሪ አደርሳለሁ። የስምሪት ኃላፊያችን አሁን «ልክሽ የሆነ የመከላከያ ሱሪ ሳትለብሺ መንገድ አትወጪም» ብሎኛል። እስከ ሰኔ መግቢያ ካላገኘሁ መስመሬ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እኔም መዝገብ ክፍል እገባለሁ። እትዬ፣ ይሰፉልኛል?

ወገብ 74፣ ዳሌ 104። ጭን፦ ቀኝ 60፣ ግራ 60። ባት፦ ቀኝ 37፣ ግራ 37።

ልጅዎ

*

የካቲት 13

ለጭራሮ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ፈርተሽ ስላልጠየቅሽ ነው የነገርኩሽ።

«ይሰፉልኛል» ብሎ ጥያቄ ምን ማለት ነው? ለአላፊ አግዳሚው ጃኬት፣ ለታክሲው ሁሉ የወንበር ልብስ ስሰፋ ኖሬ ላንቺ እምቢ ልል ነው? እሰፋልሻለሁ። በዚህ ልኬት ግን አንዲት መቀስ አላነሳም።

አንደኛ፣ ቆመሽ ተለክተሻል። ቆሞ ሞተር የሚነዳ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ቆዳ እንደ ጨርቅ ተለምኖ አይሰጥም፤ ለቆመ ሰው የተሰፋ እንደሆነ ስትቀመጪ ከኋላ ይጎትትሻል፣ መከላከያውም ከጉልበትሽ ይሸሻል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ጭንሽ ስድሳ፣ ሁለቱም ባትሽ ሠላሳ ሰባት ነው ያልሽኝ። አርባ ዓመት ሰው ስለካ ሁለት እግሩ እኩል የሆነ አልገጠመኝም። አንዱን ለክተሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል። ስንፍናሽን ድክ ድክ ከምትዪበት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ቁጥር አልፈልግም። ቀጭን ሲባጎ ግዢ። ሞተርሽ ላይ ውጪ፣ እግርሽን መርገጫው ላይ አድርጊ፣ እጅሽን መሪው ላይ፣ እንደምትነጂው ሁሉ ጎንበስ በይ። አንዲት ሴት ጓደኛሽ ክሩን ታዙርብሽና ጫፍና ጫፉ የሚገናኝበት ላይ ትቁረጠው። ሁለቱንም እግር ለየብቻ። እያንዳንዱ ላይ የምን እንደሆነ ወረቀት እሰሪበት። ቁጥር ሲጻፍ ሰው ያሳምረዋል፤ ክር አንዴ ከተቆረጠ ግን ተቆረጠ ነው።

ዳሌ መቶ አራትን ደግሞ እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት። ቀጭን ነሽ ብዬ ጭራሮ ያልኩሽ እኔ፣ አሁን ማገር ልበልሽ?

እረፍት ያልሽውን ግን አልገባኝም። ዓመት ሳትሞይ ማን እረፍት ሰጠሽ?

እትዬ

*

የካቲት 28

ለእትዬ፣

ክሮቹ በፖስታው ውስጥ አሉ፣ ስምንት ናቸው። የለካችኝ ደም የምትቀዳዋ ጓደኛዬ ናት። በሥራ ቦታችን ግቢ፣ በቆመ ሞተር ላይ ጎንበስ ብዬ እሷ በሲባጎ ስትጠቀልለኝ ጥበቃው መጥቶ «ወዴት ልትልኪያት ነው?» አላት። ከዚያ በኋላ መሳቅ ይዞን የወገቡን ክር ሦስት ጊዜ ቆረጥነው። የላክሁት የመጨረሻውን ነው፣ ቀይ ወረቀት ያለበት።

ስለ እረፍቱ ለጠየቁኝ፣ ረጅም ነገር ነው። ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። የሚያሳስብ አይደለም።

እናቴ ደህና መሆኗን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ልጅዎ

*

መጋቢት 9

ለጭራሮ፣

ክሮችሽን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። ወገቡ ጥሩ ነው፣ ዳሌው ጥሩ ነው። የግራ ጭንሽ ግን ከቀኙ ሁለት ጣት ሙሉ ያጥራል። ከጉልበትሽ በላይ ያለውና ባትሽም አንድ አንድ ጣት። ጓደኛሽ ተሳስታ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየኋቸው። ሦስቱም የግራ እግር ክሮች ያጥራሉ፣ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ወገን አይሳሳትም።

የሰው እግር እኩል አይደለም ስልሽ ስለ ጥፍር ያህል ልዩነት ነው ያወራሁት። ይሄ የከሳ እግር ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እግር ነው።

ስሰድብሽ የነበረው ሰነፍ መስለሽኝ ነው። ለካ ስድሳ ስድሳ ብለሽ የጻፍሽው ልትደብቂኝ ነው። ደነገጥኩ ልጄ። ምሳዬን ሳልበላ ክሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ሆነሽ ነው? መቼ? ማን አስታመመሽ? ይሄን ሳትነግሪኝ ቆዳው ላይ አንድ ቀዳዳ አልበሳም። እናትሽን ከሆነ የምትፈሪው፣ ከኔ አፍ አይወጣም።

እትዬ

*

መጋቢት 19

ለእትዬ፣

እሺ። ወድቄያለሁ።

ኅዳር 20 ነበር። ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለችው መታጠፊያ ላይ ዘይት ፈሷል። በፍጥነት አልነበርኩም፣ ማንም አልገጨኝም፤ ሞተሩ ብቻ ከሥሬ ሸሸና በግራዬ ሄድኩ። ያን ጊዜ የወንድ ሱሪ ነበር የለበስኩት፣ ወገቡን በቀበቶ ሰብስቤ። መከላከያ አለው። ግን ሰፊ ስለሆነ ስወድቅ ዞሮ ወደ ባቴ ሄደ፣ ጉልበቴ ደግሞ ባዶውን አስፋልቱን አገኘው። የጉልበቴ ሎሚ ተሰነጠቀ። ስድስት ሳምንት ጄሶ ውስጥ ነበርኩ። ያስታመመችኝ ያቺው ደም ቀጂዋ ጓደኛዬ ናት፣ ፈጣሪ ይስጣት። ሳጥኑ ውስጥ ሃያ ሦስት ብልቃጥ ደም ነበር፣ አንዱም አልተሰበረም። ይህችን እንኳ ይጻፉልኝ።

ሞተሩን ስገዛ እናቴ «አንድ ቀን በቃሬዛ ይዘውሽ ይመጣሉ» ብላ ነበር። ስምንት ወር እንኳ አልሞላኝም። እግሬ በጄሶ ተሰቅሎ እሷ በሩ ላይ ቆማ «አላልኩሽም?» ስትል ይታየኝ ነበር። ደግሞ ነርስ ናት፣ ዝም ብላ ጄሶዬን ብታየው ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ደበቅሁ። ከእርስዎም ደበቅሁ፣ እርስዎና እሷ አንድ ቤት ናችሁ ብዬ። የግራውን ክር በቀኙ ልክ ልቆርጠው አስቤ ነበር። መቀሱ እጄ ላይ እያለ ጓደኛዬ ነጠቀችኝ። «ልክሽ ያልሆነ ሱሪ ነው እዚህ ያደረሰሽ፣ ደግመሽ ልትለብሺው ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎት። ያቺን መታጠፊያ እፈራታለሁ። መንገዱን ግን እወደዋለሁ፣ መዝገብ ክፍል ገብቼ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስመታ መዋል አልችልም። ሁለቱ አብረው አላስቀምጥ አሉኝ።

ልጅዎ

*

ሚያዝያ 3

ለጭራሮ፣

አልቆጣሽም። ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የስፌት መኪናዬን ተቆጣሁትና ሦስት መርፌ ሰበርኩ፣ ይበቃል።

ከዚህ ጋር የምታገኚው ነጭ ሱሪ ከአቡጀዴ የሰፋሁት ሙከራ ነው። ለብሰሽው ከተማ እንዳትወጪ፣ ከሆስፒታል ያመለጥሽ ነው የምትመስይው። ሞተሩ ላይ ውጪበትና የሚጎትትሽን፣ የሚያጥርሽን፣ የሚጠብሽን ሁሉ ላዩ ላይ በእርሳስ አክብቢና መልሺልኝ።

ደግሞ ስለ መከላከያው አንዲት ባለሙያ አማክሬያለሁ። ኃይለኛ ሴት ናት። እኔ መከላከያውን ጉልበቱ መሐል አስቀምጬ ነበር፣ አየችውና «በጎን ነው የሚወድቁት» ብላ ነቅላ ወደ ውጭ አዞረችው። ከዳሌ ጎን፣ ቀበቶው ሥር አጥንቱ የሚወጣበትም ላይ ይጨመር አለች። ጥያቄም ልካልሻለች፤ የሚያምሽ ደረጃ ስትወጪ ነው ወይስ ስትወርጂ? ጉልበትሽ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል? ጄሶው ከወጣ በኋላ ማን ነው እግርሽን ያንቀሳቀሰው? ማንም ካላልሽ አልጋ ላይ እግርሽን ዘርጊ፣ ፎጣ ጠቅልለሽ ከጉልበትሽ ሥር አድርጊ፣ ወደ ታች ተጭነሽ አስር ድረስ ቁጠሪ። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። «እንዳታጭበረብር ንገሪያት፣ ክሩ ይነግረኛል» ብላለች።

እትዬ

*

ሚያዝያ 16

ለእትዬ፣

ነጩን ሱሪ መልሻለሁ። እትዬ፣ ስቀመጥ ምንም ነገር የማይጎትተኝ ሱሪ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ያከበብኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከጉልበቴ ጀርባ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ከታች ጫማዬ ላይ ያጥራል።

ለባለሙያዋ መልስ፦ የሚያመኝ ስወርድ ነው፣ ስወጣ አያመኝም። ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ትንሽ ይቀረዋል። እግሬን ማንም አላንቀሳቀሰውም፣ «ቀስ በቀስ ይለቅሻል» ብለው ነው የሰደዱኝ። ፎጣውን ይኸው አስራ አንድ ቀኔ ነው። አነጋገሯ ክፉ ነው፣ ግን ትናንት ደረጃውን መደገፊያ ሳልይዝ ወረድኩ። ይንገሩልኝ። ክፉ ያልኳትን ግን አይንገሯት።

ግንቦት እየገባ ነው። የስምሪት ኃላፊው ሲያገኘኝ ዓይኑን ወደ እግሬ ይጥላል። ልጨቀጭቅዎት ፈልጌ አይደለም።

ልጅዎ

*

ግንቦት 8

ለጭራሮ፣

ይኸው ሱሪሽ።

የላም ቆዳ ነው፣ ከባዱን ነው የመረጥኩልሽ። የመጀመሪያ ሳምንት ይጠላሽና ከዚያ ይለምድሻል። ወገቡን ከኋላ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ስታጎነብሺ ጀርባሽ ለንፋስ እንዳይጋለጥ። ከጉልበቱ በላይ እንደ አኮርዲዮን አጣጥፌዋለሁ፣ ስትታጠፊ ይከፈታል። አስፋልት የሚነካው ስፌት ሁሉ ሦስት ጊዜ ተረግጧል። ስትቆሚ ፊቱ ላይ ትንሽ ይሰበሰብብሻል፣ እንዳትነጫነጪ፤ እኔ የሰፋሁት ለምትቀመጠው ሴት ነው።

የግራውን ጭን አሁን ባለሽበት ልክ አጥብቄዋለሁ። ስፌቱ ውስጥ ግን ሁለት ጣት ቆዳ አጥፌ ትቼልሻለሁ። ሥጋሽ ሲመለስ ይፈታል። አንቺ ብትከሺም ሱሪው ተስፋ አልቆረጠም።

ያቺ ባለሙያ ስሟን እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። ገበሩን ገልብጣ እንዳታይ በያት ግን አላለችኝም።

እትዬ

*

ግንቦት 20

ለእትዬ፣

ገለበጥኩት።

መጀመሪያ ግን ለበስኩት። ዚፑ ትንፋሼን ሳልይዝ፣ ሆዴን ሳልስብ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ሞተሩ ላይ ወጥቼ ጉልበቴን ሳጥፍ መከላከያው አብሮኝ ታጠፈ፣ በእጄ ልገፋው ሞከርኩ፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው እንደ ጎማ ዙሪያዬን ዞሮ አየኝና «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለ። «ቤተሰብ» አልኩት። መስመሬን መለሰልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ግልግል እንዲህ ያስለቅሳል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ማታ ገበሩን ገለበጥኩት። በግራው ጉልበት ውስጥ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ግራ። የጉልበት ሎሚ። 2/8» ይላል። ልጅ ሆኜ ዋርድ ስትወስደኝ እርጥብ ጄሶ ላይ እንዲህ ስትጽፍ አይቻታለሁ። የጻፈችበትን ቀን ታሰምርበታለች፣ «ግ»ን ጭራዋን ታረዝማለች።

እትዬ፣ እናቴ ናት። ክፉ አነጋገር ያልኳት እናቴን ነው። እንዴት አወቀች? አልነግርም ብለውኝ አልነበር?

ልጅዎ

*

ግንቦት 29

ለጭራሮ፣

ከኔ አፍ አልወጣም። ከክሩ ነው የወጣው።

ያንን ያንቺን ኑዛዜ አንብቤ በተቀመጥኩበት ሰሞን እናትሽ መነጽሯን ፍለጋ ሱቅ መጣች። ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ወረቀቱን እንኳ አላነበበችም። ሁለቱን የጭን ክሮች አነሳችና ጫፋቸውን አገናኝታ አንጠለጠለቻቸው። «ይሄ እግር ስንት ሳምንት ነው ጄሶ ውስጥ የነበረው?» አለችኝ። እኔ አልመለስኩም። «የኔ ልጅ እግር ነው?» አለች። እሱንም አልመለስኩም። ዝምታዬን አየችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

አለቀሰች፤ እንደ ሰው አይደለም፣ ድምፅ የላትም። ከዚያ ተነስታ ጠመኔዬን ወሰደችና ቆዳው ላይ ምልክት ታደርግ ጀመር። «እዚህ ጋ ነው የሚሰበሩት። እዚህ። እዚህ ደግሞ ይላጣሉ።» ሠላሳ ዓመት ያየችውን ሁሉ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ አድርጋ አወረደችው። ከመስፊያው ጠረጴዛ ለሦስት ሳምንት አልተነሳችም፤ እንዲያውም አሰለቸችኝ። ለምን አትደውዪላትም ስላት፣ «ከመጀመሪያው ቃሌ እንደምቆጣ አውቃለሁ» አለችኝ።

ክፉ ያልሽውን አንብባዋለች። ደብዳቤሽን ሁሉ እያነበበችው ነው። «መደገፊያ ሳልይዝ ወረድኩ» የሚለውን ቆርጣ ይዛዋለች።

እትዬ

*

ሰኔ 11

ለእማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ ደህና መሆኔን ልንገርሽና ቀጥዪ፤ ደህና ነኝ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ እጄም እግሬም ሙሉ ነው።

ትናንት ወድቄያለሁ።

ያቺው መታጠፊያ ላይ ነው። ዝናብ ነበር። ቀስ ብዬ፣ እየተጠነቀቅሁ፣ ከፊቴ አንድ ጋሪ ድንገት ቆመና ፍሬን ስይዝ ጎማው ተንሸራተተ። በግራዬ ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ ሦስት እርምጃ ያህል ተንሸራተትኩ፣ ስንሸራተትም ገበሩ ውስጥ የጻፍሽውን ነው ያሰብኩት። ከዚያ ተነሳሁ። በቃ፣ ተነሳሁ። ሞተሩን አነሳሁ፣ ሳጥኑን ከፍቼ ብልቃጦቹን ቆጠርኩና ላቦራቶሪ አደረስኳቸው። ክሊኒክም ታይቻለሁ። የዳሌዬ ጎን ትንሽ ጠቁሯል፣ ጉልበቴ ምንም አልሆነም፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ደረጃም ወርጄበታለሁ።

ሱሪው ሁለት ቦታ ተጭሯል። አንዱ ከጉልበት ውጭ በኩል፣ አንዱ ከቀበቶው ሥር አጥንቱ የሚወጣበት። አንቺ ምልክት ያደረግሽባቸው ሁለቱ ቦታዎች ናቸው እማዬ። ሌላው ቆዳ አዲስ እንደሆነ ነው።

ባለፈው የደበቅሁሽ አንቺ ልክ ስለነበርሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ጄሶ ውስጥ ሆኜ በየቀኑ ትናፍቂኝ ነበር። አሁን ደግሞ የምትይኝን ሁሉ ልሰማ ነው የነገርኩሽ፣ ብትቆጪኝም።

ልጅሽ

*

ሰኔ 21

ለልጄ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ደህና ነኝ የሚለውን ከላይ በማስቀመጥሽ ጥሩ አደረግሽ፤ ያለዚያ እዚህ አልደርስም ነበር።

ያበጠ ነገር ካለ፣ የጠቆረው እየሰፋ ከሄደ፣ ተመልሰሽ ታዪ። ፎጣውን አታቁሚ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ይመጡ የነበሩት የተሰበሩት ብቻ ናቸው። ወድቀው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ሥራቸው የሄዱትን አንድም ቀን አላየሁም። እንደዚህ ያለ ሰው መኖሩንም ረስቼ ነበር። አሁን አንድ አወቅሁ።

እቆጣ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ። ካነበብኩት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ እተኛለሁ፤ ከሞተሩ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

አክስትሽ ጭረቱን በቀለም እሞላዋለሁ ትላለች። የግራውን ጭንም የምትፈታበት ጊዜ ደርሷል መሰለኝ፣ ስለዚህ አዲስ ክር ያስፈልጋታል። ይሄን ክር እኔ ራሴ ነኝ የምቆርጠው።

ሱሪውን ለሹፌሩ እንዳትሰጪው። ግቢ ውስጥ ከደረጃው ሥር የነበረውን ኮተት አንስቻለሁ፣ ሞተር ያስቆማል። በቀን ተነሺ፣ ቀስ በይ፣ ለብሰሽው ነይ።

እናትሽ